ጣሪያው ላይ ያለ በር

ሜትር አስይዘው፣ ቅጽ አስይዘው፣ ከማዘጋጃ ቤት ላኩኝ፤
«የፋብሪካውን አሮጌ ክበብ እስከ ሐሙስ ለክተህ አምጣ» አሉኝ።
መንገዱ ሊሰፋ ነው። የሚፈርስ ነገር አስቀድሞ ይለካል፤
እንደ ሬሳ ነው፣ ቁመቱ ታውቆ ሳጥኑ ይታዘዛል።

ደብረ ብርሃን፣ ኅዳር፣ ከጧቱ አንድ ሰዓት፤
ሣሩ በውርጭ ነጥቷል፣ የበሬሳ ነፋስ ስለት።
ሜትሬ ብረት ነው፣ ጣቴን ነክሶ ያዘኝ፤
ክበቡም ከጉም ውስጥ ቀስ እያለ ታየኝ።

ሁለንተናው አርማታ ነው፤ ድንጋይ የለም፣ ጡብ የለም፣
ከተሠራ ጀምሮ የነካው ቀለም የለም።
ሶሌታው ከግድግዳው አልፎ፣ አራት ሜትር ከሃያ፣
ወጥቷል ያለ ምሰሶ፣ ያለ አንዳች መደገፊያ፤
ዝናቡ ጀመረ አልጀመረ ብሎ
መዳፉን እንደ ዘረጋ ሰው፣ እዚያው ቆሞ ውሎ።
ደረጃው እንደ መንዝ በግ ቀንድ ተጠምዝዞ ይወጣል፤
መስኮቱ ከጥግ እስከ ጥግ ነው፣
ነፋስ እንደ አባወራ፣ ሳያንኳኳ ይገባል።

የነደፈው ፈረንጅ፣ ይባላል፣ የባሕር ዳር ልጅ ነበር፤
የሚፈራው ሙቀትን ነው፤ ስለ ብርዱ ማን ይንገር?
ሠራተኞቹ ግን ያውቃሉ።
ማጉ የተዛነፈ፣ ጫፉ ያልተዘመዘመ፣
ከገበያ የተመለሰ ብርድ ልብስ
በየመስኮቱ ሰቅለው ካራምቡላቸውን ተጫወቱ።
እንግዳ ሲመጣ ይወርዳል፣
እንግዳ ሲሄድ ይሰቀላል፤
ዘመናዊነት እኛ ዘንድ እንዲህ ነበር የሚለበሰው።

ቁልፍ ያዧ እማማ ወሰንየለሽ
የካራምቡላ ቲኬት ሲቆርጡ ነው ያረጁት።
ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫ ስበው ጠየቁኝ፦
«ለካህ?»
«ለካሁ።»
«በሩንስ ቆጠርህ?»
«ሰባት ነው።»
«ስምንት ነው» አሉ። «ቀና በል።»

ቀና አልሁ። ግራጫው ሶሌታ ሆዱን አሳየኝ።
የባሕር ዛፍ ሣንቃ፣ ጅማቱ፣ ጉጡ ሳይቀር፣
ሲሚንቶው ላይ ታትሞ ቀርቷል፤
ካሳፎርማው ተነቅሎ ስንት ክረምት ነድዶ ያለቀ እንጨት
እዚያ ላይ ገና እንጨት ነው።
ከመካከል ግን አንዱ ሌላ ነው። ሰፊ፣ የጽድ፣ ያረጀ።
የማጠፊያው ቦታ አለ፣ የመወርወሪያው ጭረት አለ፤
የቁልፍ ቀዳዳ የነበረው ጉብ ብሏል፣
እንደ ኪንታሮት።

«አባቴ ዘውገ አናጢ ነበር። ሶሌታው ሊሞላ ሌሊት ሲቀረው
ሣንቃ አነሰ። መኪናው ሸኖ ላይ ተበላሽቶ ቀርቷል፤
ፎርማኑ ይጮኻል።
አባቴ ምንም አላለ። ቤት መጣና
በራችንን ነቅሎ፣ እንደ ሕፃን አዝሎት ሄደ።

ሃያ ስምንት ቀን ነው አሉ አርማታ እስኪጠና።
ሃያ ስምንት ቀን በር አልነበረንም።
እናቴ ብርድ ልብስ ሰቀለች፤
ማታ ማታ ጅቡ በጠርዙ ስር አፍንጫውን አስገብቶ
ያሸተን ነበር፣ እኔንና ወንድሜን፣ በየተራ።
ሲነቅሉት ሲሚንቶው አልለቅ ብሎ ለሁለት ሰነጠቀው።

ክበቡ ሲመረቅ ለአናጢ ቲኬት አልተሰጠም።
ሙዚቃውን ከውጭ ነው የሰማው፣
እዚህ፣ አንተ አሁን የቆምህበት፣
ከገዛ በሩ ስር።»

ቅጹ ላይ «በር፣ በቁጥር» የሚል መስመር አለ፤
ሰባትን ሰርዤ ስምንት አልሁ።
ቀጥሎ «ሁኔታው» ይላል።
የተዘጋ ልበል? የተከፈተ?
ሳመነታ እስክሪብቶዬ በብርዱ ደርቆ አልጽፍ አለ።
እማማ ወሰንየለሽ ከእጄ ወስደው
ብብታቸው ውስጥ ሸጎጡት፣ ትንሽ ቆዩ፣
መለሱልኝ።
«እንካ» አሉ፣ «አሁን ይጽፋል።»